ዘይት ለማየት ሁለት ሰዓት

ባሌ ሺጌዞ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ብዙ ነገሩን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ማንኮራፋቱን፣ ካልሲውን ያወለቀበት ጥሎ መሄዱን፣ እኔ እያወራሁት ሬዲዮ ማዳመጡን። አንድ ነገሩን ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ በሆዴ ይዤበት ነበር። በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ የእርሻ ሥራ ሊጀመር ሲል ትንሿን ትራክተራችንን ያስነሳና «ዘይት አይቼ መጣሁ» ብሎ ቁልቁል ወደ መንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ይነዳታል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል፤ ጆሮው ቀልቶ፣ የሩዝ መጠጣችን ሳኬ ሳኬ እየሸተተ። ዘይት ማየት! የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ከወንበሩ ኋላ ናት። መምዘዝ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ መልሶ መክተት፣ እንደገና መዝዞ ማየት፤ በቃ ይኸው ነው። ሩዝ አጥቤ ሳልጨርስ የሚያልቅ ሥራ ነው።

«መጠጣት ከፈለግህ በእግርህ ሄደህ ጠጣ፤ ትራክተሯን ለምን ታደክማታለህ?» እለዋለሁ። ይስቃል። የሺጌዞ መልስ ሁልጊዜ ሳቅ ነበር። ከሚስቅ ሰው ጋር አርባ አራት ዓመት መጣላት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

እሱ ከሞተ በኋላ ዘይቷን የማየው እኔ ነኝ፤ የማየውም እዚያው ማደሪያዋ መጋዘን ውስጥ ነው። ነዳጅ አላባክን፣ ጊዜ አላባክን። ሁለቱንም ዓመት ዘይቱ ዘንጓ ላይ ካለው ከላይኛው ጭረት እኩል ነበር። ከኋላዋ፣ የማንሻ ክንዷ ሥር፣ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀምራለች፤ ቆርቆሮ አስቀምጬላታለሁ። በእሷ ዕድሜ የማያፈስ የለም ብዬ ብዙም አልጨነቅኩበትም።

መንደራችን ካሚሳካ ተራራው ላይ እንደተለጠፈ ያለ ነው። እኛ ስኒ ተቀምጦ ካልተንሸራተተ ሜዳ እንለዋለን። የእኔ ስድስት የሩዝ እርከኖች ደግሞ ከሁሉም በላይ ናቸው። በውሃው ቀን ቦዩ ሲከፈት ውሃው መጀመሪያ የሚገባው ለእኔ ነው፤ እኔ ጭቃዬን አቡክቼ ውሃውን እስክለቅላቸው ድረስ ከታች ያሉት አሥራ አንድ ቤቶች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። በልማዳችን ከውሃው ቀን ንጋት እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ጊዜው የእኔ ነው። ካሳለፍኩ የመንደሩ ችግኝ በሙሉ ይዘገያል።

አምና ግማሽ ቀን አሳለፍኩ። ከትራክተሯ ኋላ ሆኖ ጭቃ የሚያቦካውን መከስከሻ የምታነሳው ክንድ ዳተኛ ሆናብኝ ነው። ማንም ምንም አላለኝም። በእኛ መንደር ደግሞ ምንም አለማለት ከስድብ ይከፋል።

በክረምቱ የመንደራችን ሊቀመንበር አቶ ሃጊኖ የባቄላ ጣፋጭ በሣጥን ይዞ ቤቴ መጣ። አቶ ሃጊኖ ነገርን ፊት ለፊት ተናግሮ አያውቅም፤ ቤት ሲቃጠል ቢያይ እንኳ ዛሬስ ሞቅ ብሏል የሚል ሰው ነው። ስለ በረዶው አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ ሻዩን ሦስቴ አስቀዳ።

«እኔ እንኳ ምንም ማለቴ አይደለም እትዬ ቶሚዮ» አለኝ በመጨረሻ። «እንዲያው ወገብዎ እንዴት ነው ለማለት ያህል ነው። የከተማው የገበሬዎች ማኅበር አሁን አሁን ማሳ እየተረከበ ያርሳል ይባላል። ሰውም እፎይ ብሎ ይጦራል ይባላል።»

«የጠየቁኝ ወገቤን ነው ወይስ ማሳዬን?»

«ኧረ በፍጹም! ወገብዎን ነው!»

ማኅበሩ ማሳ ሲረከብ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ትልልቅ መኪኖቻቸው እኛ ዘንድ ያሉት ጠባብ እርከኖች ላይ አይወጡም። ከታች ያለውን ያርሱታል፤ ከላይ ያለውን ይተዉታል። ጎረቤቶቼ ያማኔዎች ካስረከቡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የላይኛው ማሳቸውን ዛሬ ቀርከሃ ውጦት የከርከሮ መፈንጫ ሆኗል። የእኔን የድንጋይ ካብ የካቡት የሺጌዞ ቅድመ አያቶች ናቸው። ያንን ከርከሮ ሲያፈርሰው ቁጭ ብዬ ላየው ነው? ደሜ ፈላ። ሲፈላ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል።

«ይስሙኝ አቶ ሃጊኖ» አልኩት። «ዘንድሮ አንዲት ሰዓት እንኳ ባሳልፍ እኔው ራሴ በእግሬ መጥቼ አስረክባለሁ። እስከዚያው ግን ጣፋጭ አይላኩብኝ።»

ቃል ወጣ። እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ። ጣፋጩን በልቼዋለሁ።

ዘንድሮ የውሃው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው መከስከሻውን ትራክተሯ ላይ ገጠምኩና የማንሻውን እጀታ ሳብኩ። መከስከሻው ጉልበቴ ድረስ ተነሳ፤ ከዚያ በላይ እምቢ አለ። ከሆዷ ውስጥ የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። በጉልበት ከፍታ መንገድ ላይ ይኬዳል፤ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ግን አያሻግርም፤ ካቡን ይዞት ይወርዳል። የጎረቤት ትራክተር እንዳልዋስ የሌሎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ የእኔ እርከኖች ላይ መታጠፍ አይችሉም። ሺጌዞ ይህችን ትንሿን የገዛት ለዚሁ ነበር። ለካንጂ ደወልኩ።

ካንጂ ከታች ከተማ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። አሁን ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ስለማውቀው ግን እስከ ዛሬ አንተ እለዋለሁ። በዚህ ሰሞን አገሩ ሁሉ ትራክተር ትራክተር ስለሚል የመጣው የውሃው ቀን ዋዜማ ጠዋት ነው። ትልቁ መኪናው የእኛን ጠባብ መንገድ ስለማይወጣ መሰብሰቢያ ቤቱ ግቢ አቁሞ፣ የዕቃ ሣጥኑንና የግፊት መለኪያውን ተሸክሞ እያለከለከ በእግሩ ወጣ።

«እትዬ ቶሚዮ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ የታመመችው እሷ ናት። ግፊቷን ከፍ አድርግልኝ።»

«ግፊት እንደ ሬዲዮ ድምፅ ዝም ብሎ ከፍ አይደረግማ።»

«ሺጌዞ ያደርገው ነበር። ከሞላው ሥር ስስ ሮንደላ ይጨምራል፤ እሷም ታነሳለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጋሽ ሺጌዞ ለክቶ ነው የሚጨምረው። እርስዎ ያዩት መጨመሩን ነው።»

ነገሩ እንደዚህ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ዘይቱ ክንዷን ያነሳል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲገፋ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ታስተነፍሰዋለች፤ አለዚያ ቱቦው ይፈነዳል። ቫልቯን ዘግቶ የሚይዛት ሞላ ነው። ከሞላው ሥር ስስ ሮንደላ፣ መሃሏ ቀዳዳ የሆነ የብረት ቀለበት፣ ሲገባ ሞላው ይጠብቃል፣ ቫልቯም የምትከፈተው ቆይታ ነው፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ለዚህች ትራክተር ልኩ መቶ ሃምሳ ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ሺጌዞ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፎታል።

«ዘይቷስ?» አለኝ ካንጂ።

«ሙሉ ናት። ካላመንክ እየው።»

ዘንጓን መዘዘ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ። ዘይቱ ከላይኛው ጭረት እኩል ነው። «ሙሉ ናት» አለ። እኔም አልነገርኩህም ወይ የሚል ፊት አሳየሁት።

ሞተሯን አስነስቶ ዘይቱ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከክንዷ ሥር ያለውን ብሎን ፈትቶ መለኪያውን ገጠመ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጣት፣ እጀታውን ሳበ። የመለኪያው ቀስት ተነሳች። ሰማንያ፣ መቶ፣ መቶ አሥር። እዚያ ላይ ቆመች። ቆመች ስል እውነቴን አይደለም፤ ትንቀጠቀጥ ነበር።

«መንቀጥቀጧን አልወደድኩትም» አለ።

«አንተ ምን ትወዳለህ? ጨምርባት!»

የቫልቩን ክዳን ፈታ። ሞላውን አውጥቶ ርዝመቱን ለካ፤ ከትንሽ መርገብ በቀር ጤነኛ ነው አለ። እንደ ወረቀት የሳሳች ሮንደላ ጨምሮ ገጠመና እንደገና ለካ። መቶ አሥራ ሁለት። ሌላ ጨመረ። መቶ አሥራ ሦስት። ቀስቷ እንደተንቀጠቀጠች ናት።

«ሦስተኛ» አልኩት።

«አይሆንም።»

«ካንጂ፣ ነገ የውሃው ቀን ነው!»

«አውቃለሁ እትዬ። ግን ችግሩ ሞላው አይደለም። ግፊቱ ቫልቩ ጋ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው። እኔ ዛሬ ሮንደላ ስከምር፣ ነገ ፓምፑ ድንገት ቀንቶት በደንብ ቢገፋ ቱቦው ይፈነዳል። ትኩስ ዘይት ነው፤ የሚቀመጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።» የጨመራቸውን ሁለቱንም ሮንደላዎች አውጥቶ ቫልቩን እንደነበረ ዘጋው። ከዚያ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። መካኒክ ንጹሕ እጁን ደጋግሞ ሲጠርግ ጥሩ ወሬ የለውም።

«ፓምፑ ያለቀ ይመስለኛል» አለኝ። «አዲሱ አሥር ቀን ይፈጃል።»

የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። የምቆጣበት ሰው ፈለግኩና አጣሁ፤ ካንጂ ጥፋት የለበትም፣ አቶ ሃጊኖ የነገርኩትን ነው የሰማው፣ ሺጌዞ ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። በራሴ አፍ የተናገርኩት ነገር እንዲህ መጥቶ ፊቴ ሲቆም ልቤ በጣም አዘነ። ማሳውን ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሺጌዞ እንደዚያ እየሳቀ የጠበቀውን ነገር እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ማበላሸቴ ነው የቆጨኝ።

«ወደ ጋራዥ ልውሰዳት» አለ ካንጂ ቀስ ብሎ። «መኪናዬ ድረስ ይንዱልኝ። መከስከሻውንም እንደተገጠመ ያምጡት፤ ስፈትሽ ይጠቅመኛል።»

«እነዳለሁ። እኔም እዚያ ሰው ጋ ጉዳይ አለኝ።»

ቁልቁል ወረድኩ። መከስከሻው ከኋላዬ በጉልበት ከፍታ ይወዛወዛል፣ ካንጂ ሣጥኑን ይዞ በእግሩ ይከተላል። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። አጭር መሆን አለበት፤ ካስረዘምኩት አለቅሳለሁ።

መሰብሰቢያ ቤቱ በር ላይ አባባ ኢሳኩ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ የሺጌዞ የመጠጥ ጓደኛ ነበር፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሰላም ያልኩት በግድ ነው። ትራክተሯን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«መጣሽ! መጣሽ አንቺ ቶሚዮ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅንሽ እኮ!»

ጃጀ፣ አልኩ በልቤ። ካንጂ መኪና አጠገብ ልቆም ስል በከዘራው ሲሚንቶውን ደበደበ።

«እዚያ አይደለም! ምልክቷ ላይ! ምልክቷ ላይ አቁሚያት!»

ግቢው ሲሚንቶ ላይ የደበዘዙ አራት ነጭ የቀለም ምልክቶች አሉ። የሽማግሌዎቹ የኳስ ጨዋታ ምልክት ይመስሉኝ ነበር። ከሽማግሌ ጋር ለመከራከር አቅሙም ስላልነበረኝ አራቱን ጎማ አራቱ ምልክቶች ላይ አቆምኩ። ልክክ አለ። ያኔ እንኳ አልገረመኝም። ሞተሯን አጥፍቼ ወረድኩ። አባባ ኢሳኩ ወደ ውስጥ እየተጣራ ነበር፤ «ስኒዎቹን አውጡ!» ይላል።

አቶ ሃጊኖ ውስጥ ሆኖ የነገውን የውሃ ተራ ዝርዝር ይጽፋል። ሲያየኝ ተነስቶ እጅ ነሣ፣ ሻይ ቀዳልኝ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የማኅበሩ ስም ያለበት ፖስታ አየሁ፤ ዓይኔን ተከትሎ አየና ዝርዝሩን ከላዩ ላይ አደረገበት። ክፉ ሰው አይደለም።

«አቶ ሃጊኖ» አልኩ። «በክረምቱ ያልኩዎትን ያስታውሱታል።»

«ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ። ምን ብለውኝ ነበር?»

«አልረሱትም። ማሳዬን...»

ሻዩን ጠጣሁ። አቃጠለኝ። እንደገና ጀመርኩ። «ማሳዬን...»

«እትዬ ቶሚዮ!» ካንጂ ከውጭ ጮኸ። «ይምጡ! አሁኑኑ ይምጡ!»

አርባ ስድስት ዓመት ሳውቀው ካንጂ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ወጣሁ፤ አቶ ሃጊኖም ከኋላዬ።

ካንጂ ትራክተሯ ላይ ወጥቶ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ እንደ ዓሣ አንጠልጥሎ ይዟል። ደረቅ ናት። ጫፏ ላይ እንኳ ጠብታ የለም።

«ጋራዥ ስደርስ ዘይቱን ስለምቀዳ፣ ስንት ጀሪካን እንደሚያስፈልገኝ ልይ ብዬ ነው የመዘዝኳት» አለ። «ይዩት! ባዶ!»

«ቅድም ሙሉ ነበረች! አንተም አይተሃል!»

«ቅድም መጋዘንዎ ውስጥ ነበረቻ!»

አባባ ኢሳኩ ሳቀ። ጥርስ የለውም፤ ሲስቅ ፊቱ በሙሉ ይታጠፋል። «የእናንተ መጋዘን ወደ ኋላው ያዘነበለ አይደል እንዴ? ሺጌዞ እኮ ዕቃ የማይቀመጥበት መጋዘን፣ ድንች ብጥልበት ራሱ ተንከባልሎ የሚወጣ ይለው ነበር። እዚያ ስትቆም ዘይቱ ሁሉ ኋላዋ ይጠራቀማል። ዘንጓ ደግሞ ያለችው ኋላዋ ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ነው የምትልሽ!»

ካንጂ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከፊት ነው። አየር ነበር የሚጠጣው። ቀስቷ የተንቀጠቀጠችው ለዚያ ነው! ሰላሳ ዓመት ስወጣ ስወርድ ዳገቱን ለመድኩት፤ መጋዘኑ ማዘንበሉ አልታይ አለኝ። ወይ ማፈር!»

የማስታውሰው ቆርቆሮዋን ነው፤ ማንሻ ክንዷ ሥር ያስቀመጥኳትን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሞላ እየደፋሁ፣ ዘንጓ ደግሞ ሙሉ ነኝ እያለች።

«እነዚህ ምልክቶች...» አልኩ።

«ሺጌዞ ነው የቀባቸው» አለ አባባ ኢሳኩ። «ትራክተሯን የገዛ ዓመት የአናጢ ውሃ ልክ ይዞ መንደሩን ቤት ለቤት ዞረው። መላው ካሚሳካ ውስጥ ሜዳ የሆነው ይሄ ግቢ ብቻ ነው። እዚህም ውስጥ እዚህችው ላይ ብቻ። በየዓመቱ እዚህ አምጥቶ ነው ዘይት የሚያያት።»

አፌን በእጄ ያዝኩ።

ካንጂ ከመኪናው ላይ ዘይት አወረደ። ሊትር በሊትር ቀዳላት፤ ሰባት ሊትር ጠጣች። ሰባት! ሞተሯን አስነስቶ እጀታውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው፤ አየሩ እስኪወጣ ድረስ እያጉረመረመች፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ጠራ። ያ የማቃሰት ድምፅ ጠፋ። ቦይ ሲጠርጉ የነበሩት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው መጥተው ከበውን ቆሙ። ካንጂ መለኪያውን ገጠመ። ነዳጅ ሰጣት።

ቀስቷ ሽቅብ ወጣች። መቶ አሥርን እንደ ቀልድ አለፈችው። መቶ አርባ አራት ላይ ስትደርስ ቫልቯ ፂ... ብላ ተከፈተች። ቀስቷ ቀጥ ብላ ቆመች። አልተንቀጠቀጠችም።

«አሁን ነው ሮንደላ» አለ ካንጂ፤ ፊቱ በርቷል። «የረገበው ሞላ የሚፈልገው ይቺን ነው።» ሞተሯን አጠፋ፣ እጀታውን አውርዶ ግፊቱን አስተነፈሰ፣ ክዳኑን ፈታ፣ አንዲት ስስ ሮንደላ ጨመረ፣ ዘጋ። እንደገና ለካ። መቶ ሃምሳ። ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው።

«ይሳቡት» አለኝ።

ወጣሁና እጀታውን ሳብኩ። መከስከሻው ጉልበት አለፈ፣ ወገብ አለፈ፣ እስከ ላይ ተነስቶ ጫፍ ላይ ቆመ። እዚያው ቀረ። የያዘው ምንም የለም፣ አልወረደም። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ተነፈስኩ፤ እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ካንጂ ያንን የዘይት ጨርቁን ሲያቀብለኝ ነው። በእሱ አበስኩ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አሥራ አንዱም ቤት ያስታውሰዋል።

አቶ ሃጊኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ቶሚዮ... ቅድም ማሳዬን ብለው ጀምረው ነበር። ማቋረጤ እንዳይሆን እንጂ...»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ማሳዬን ነገ ከንጋቱ ጀምራችሁ አጠጡልኝ፣ እንዳታዘገዩኝ፤ ልል ነበር።»

«እሱማ የታወቀ ነው» አለ አቶ ሃጊኖና ወገቡ እስኪታጠፍ ድረስ እጅ ነሳኝ። ቀና ሲል ዓይኑ እየሳቀ ነበር። ፖስታውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አባባ ኢሳኩ ስኒ ይዞ መጣ። «በይ እንግዲህ።»

«ነገ ሥራ አለብኝ። ስጨርስ እመጣለሁ» አልኩት። «ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ዘይት ማየት አሥር ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዓት ምን ይሠራ ነበር?»

«ዘይቱ እስኪረጋ ይጠበቃላ።»

«ሁለት ሰዓት?»

«ሺጌዞ ጠንቃቃ ሰው ነበር» አለ፤ ፊቱ ታጠፈ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ሜዳ ፍለጋ ነው የምሄደው አይልም ነበር?»

«ምን ይበልሽ? ዘይት አይቼ ልምጣ ብያታለሁ፣ አታምነኝም ይል ነበር።»

እውነቱን ነው። ዘይት አይቼ መጣሁ ነበር የሚለኝ። በየዓመቱ እውነቱን ነግሮኛል፤ ቢያንስ የእውነቱን ግማሽ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውሃው ገባልኝ። ስድስቱንም እርከን ትራክተሯ ሳታቃስት አቦካሁ፤ ካብ ላይ በደረስኩ ቁጥር መከስከሻውን አነሳዋለሁ፣ ይነሳል፣ እሻገራለሁ። በሁለተኛው ቀን ቀትር ሊሆን ሦስት ሰዓት ሲቀረው የመጨረሻውን ማሳ ጨረስኩና የውሃ መልቀቂያውን ሳንቃ አነሳሁት። ውሃው እየተንዶለዶለ ወደ ጎረቤቴ ማሳ ወረደ። ከታች አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘልኝ፤ ከእሱ በታች ደግሞ ሌላው። ሦስት ሰዓት አትርፌላቸዋለሁ። ያንን ግን ማንም አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁትም፤ እንዲያው ቁጭ ብዬ ውሃው ሲሄድ አየሁት።

ከዚያ ትራክተሯን አጥቤ ቁልቁል ወረድኩና አራቱ ምልክቶች ላይ አቆምኳት። ዘንጓን መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ መዘዝኩ። ከላይኛው ጭረት እኩል። አሥር ደቂቃ። ቀሪውን ጊዜ ከአባባ ኢሳኩ ጋር ዘይቱ እስኪረጋ ጠበቅን። ስለ ሺጌዞ የማላውቀውን ብዙ ነገር ነገረኝ፤ ግማሹን አላምንም። ስነሳ ትራክተሯን እዚያው ትቻት በእግሬ ወጣሁ። ጠጥቶ አለመንዳትን ሺጌዞ እንኳ አላሰበበትም።

ቤት ገብቼ የሺጌዞ ፎቶ ፊት ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ይግላል። ሳኬ ሳኬ እንደምሸት አውቃለሁ።

«ዘይት አይቼ መጣሁ» አልኩት።

ፎቶው ላይም ይስቃል። እንደ ልማዱ።